ከመቅደስ የወጡት መምሬ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ከሚነግሩን ተረቶች ሁሉ የምፈራው የጅቡን ሳይሆን የቀበሮዋን ነበር። የጅቡ ተረት ሲያልቅ ጅቡ ይሞታል፤ እኛም ደስ ብሎን እንተኛለን። የቀበሮዋ ግን ማለቂያ አልነበረውም።

ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው አቀበት ላይ ነበር። ሲመሽ ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር አያቴን ከበን ምድጃው ዳር እንኮለኮላለን፤ እናቴ ጋዙ እንዳያልቅ ኩራዙን እፍ ትለዋለች፤ ያኔ የአያቴ ፊት ግማሹ በፍሙ ቀልቶ ግማሹ ጨለማ ሆኖ ይታየኛል፤ ጭሱ ቢያስለቅሰኝም ዓይኔን ከአፋቸው ላይ አላነሳም ነበር።

«እንስሳት ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ» ብለው ይጀምራሉ። አህያ ድንጋዩን ተሸከመች፤ በሬ ግንዱን ጎተተ፤ ንብ ለጧፉ የሚሆን ሰም አመጣች። ፊደል የቆጠረችው ቀበሮ ብቻ ስለነበረች ቁልፉ ለእሷ ተሰጠ። አንድ ቀን ነብር ከወንዝ ማዶ መጥቶ አገሩን ያዘ። ቀበሮ እጅ ልትነሳ ሄደች፤ ስትመለስ አንገቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ቃጭል ታስሮ ነበር።

«በምን አገኘችው?» ይሉና አያቴ ዝም ይላሉ።

ታናሽ ወንድሜ አያስችለውም። «በምን አገኘችው፣ አባባ?»

«አንተ ሂድና ነብሩን ጠይቀው» ብለው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

ተረቱ ስለ ማን እንደሆነ እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ። ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ የተቀመጠበት ዘመን ነው። የአጥቢያችን የሚካኤል ቄስ፣ የቤታችንም የነፍስ አባት የሆኑት መምሬ ላቀው ወደ ከተማ ተጠርተው ሄዱና በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደርበው ተመለሱ። ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ካባውን ማን እንደሰጣቸው አልተናገሩም፤ ደፍሮ የጠየቃቸውም የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ንስሐ የሚገባ ሰው እንኳ ቃሉን እየመረጠ ይናገር ጀመር። አያቴም መምሬ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ፈጥነው ይወጡና ከደጅ ያነጋግሯቸው ነበር።

አያቴ በቤተ ክርስቲያን ነገር ቀልድ አያውቁም። የመገበሪያው ስንዴ እኛ ቤት ይለቀማል፤ ክረምት ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። «የውጩ የኛ፣ የውስጡ የቄሶቹ» ይላሉ። «ግን ካልተማመንን ምኑን አንድ አጥቢያ ሆንነው?»

ለጥርጣሬያቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። አገሩ ሁሉ አባቴ ዘምቶ እንደቀረ ነበር የሚያውቀው። አባቴ ግን ጮቄ ላይ ከአርበኞቹ ጋር ነበር፤ አንዳንድ ምሽት በጓሮ በር ይገባል። ያን ምሽት አያቴ ተረቱን ከወትሮው ጮክ ብለው ይነግሩናል፤ ከጓዳ የሚሰማው ኮቴ የአባቴ እንደሆነ ማወቄን ለማንም አልተናገርኩም።

ታዲያ እናቴ አረገዘች። መንደሩ ያማት ጀመር፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከማን አመጣችው ተባለ። ሐሜቱ አባቴን ስለሚሸሽግላት ዋጥ አደረገችው። አያቴ የፈሩት ሌላ ነበር። ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ መምሬ ላቀው የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቃሉ፤ ለነፍስ አባት ደግሞ አይዋሽም፤ እውነቱ ለመምሬ ከተነገረ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፤ ያኔ አባቴ አለቀለት።

እህቴ ተወለደች። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ አያቴ «ትንሽ ትቆይ» አሉ፤ ቆየች። ከዚያ ሳል ያዛትና ጡት እምቢ አለች።

«አባባ፣ ክርስትና ሳትነሳ ብትሞትብኝ የት ልቀብራት ነው?» አለች እናቴ። «ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያስገቧትም እኮ።»

«ልጄንስ የት ልቅበረው?»

«እሱስ ጠመንጃ አለው። እሷ ምን አላት?»

ያን ምሽት ተረት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም የሕፃኗን ሳል ስናዳምጥ አመሸን።

በማግስቱ እሑድ ስለነበር ማለዳ ይዘናት ሄድን። መምሬ ላቀው ሕፃኗን ተቀብለው ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። ቁርጥ አባቴን ነበረች። ቀና ብለው አያቴን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ጸሎቱን ቀጠሉ። አለመጠየቃቸው አያቴን ይበልጥ አስደነገጣቸው።

«አውቋል» አሉ አያቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከግቢው ሳይወጣ፣ ጣሊያን የሾመው የአገሩ ሹም ባንዶቹን አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ። እናቴን በጣቱ ጠቆማት።

«የዚች ሴት ባል ዘምቶ ቀረ ተብሎ አልነበረም? ልጁ ከየት መጣ? ሰውየው ጫካ ነው ያለው ማለት ነው?»

እናቴ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አያቴ ሹሙን አላዩትም፤ ዓይናቸው መምሬ ላቀው ላይ ተተክሎ ቀረ፤ የልጃቸው ሞት ከዚያ አፍ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበሩ። እኔም እንደ እሳቸው ነበር ያሰብኩት።

መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ ፊት መጡ።

«ሴቲቱን ተዋት» አሉት። «ልጅቱ የኔ ናት።»

ሹሙ ካባቸውን ከላይ እስከ ታች አየና «መስቀል ይዘው ነው እንዲህ የሚሉት?» አላቸው።

«ይዤ ነው።»

ሹሙ ሳቀ። በቄስ መሳቅ ደስ ብሎት፣ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ቄስ ከሴት ተገኘ ከተባለ ክህነቱ ፈረሰ ማለት ነው። መምሬ ላቀው እዚያው ቆመው መስቀሉን ለዲያቆኑ አስረከቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቅደስ ገብተው አያውቁም፤ ከሌላ አጥቢያ ወጣት ቄስ መጡልን፤ እሳቸው ከእኛ ጋር ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ጀመር። ብዙ ሰው ሰላምታ ነሳቸው፤ እናቴንም ጭምር።

አያቴ ያኔም አላመኗቸውም። «ዛሬስ አዳነን፤ ነገ ምን ሊጠይቀን ነው?» እያሉ ከርመዋል። አባቴም እንዳይያዝ ቤት መምጣቱን ተወ። መምሬ ግን አንድ ቀን እንኳ ደጃችን ድረስ መጥተው ይህን አድርጉልኝ አላሉንም፤ እህቴም ድና ድክ ድክ ማለት ጀመረች።

ጣሊያን ሲወጣ አባቴ ተመለሰ። በመጀመሪያው እሑድ በአጥቢያው ሕዝብ ፊት ቆሞ ልጅቱ የእሱ መሆኗን ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አያቴን አስቀድመው መምሬ ላቀው ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ወደ አገልግሎታቸው እንዲመለሱ ለመኗቸው።

«ስለ ሴቲቱማ ንጹሕ መሆኔን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ መምሬ። «ግን መስቀል ይዤ ዋሽቻለሁ። በዚህ እጄ ቁርባን አልነካም።»

አያቴ «እኔ ነበርኩ መዋሸት የነበረብኝ» ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ያ ካባ ከማን እጅ፣ ስለ ምን እንደተሰጣቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ የአያቴ ጥርጣሬ ይመጣብኝና በራሴ እናደዳለሁ፤ ተረት ሆኖ የገባብኝ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወጣልኝም። ነገር ግን ከሁሉ በላይ አብሮኝ የኖረው የእነዚያ እሑዶች ነገር ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ወጣቱ ቄስ መስቀል ይዘው ይወጣሉ፤ እህቴ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ትሳለማለች፤ ያጠመቋት መምሬ ላቀው ከኋላዋ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።