እማሆይ የተሟገቱበት አዳራሽ

የእናቴ እናት የመነኮሱት እኔ ሳልወለድ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ፣ እናቴም ሳትቀር፣ እማሆይ እያልን ነበር የምንጠራቸው። የምንኖረው ቢቸና ነው፤ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እማሆይ ግን የሞጣ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ባላቸው ሲሞት የባላቸው ወንድሞች መሬቱን ሊወስዱባቸው ተነሡ። ጉዳዩ ሞጣ ከገዥው አዳራሽ ቀረበ። ጠበቃ ይሆናቸዋል የተባለው ዘመድ በቀጠሮው ቀን የውኃ ሽታ ሆነ። እማሆይ እናቴን በጀርባቸው አዝለው ራሳቸው ቆመው ተናገሩ፤ ረቱም።

ይህን ያህሉን ሁላችንም እናውቃለን። ምን ተናግረው እንደረቱ ግን ለማንም አውርተው አያውቁም። ስንጠይቃቸው መልሳቸው ያው ነው፤ «እዚያው ቆሜ ነው የምነግራችሁ። ውሰዱኝ።»

የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ እማሆይ በጠና ታመው ተነሡና ነገሩን አጠበቁት። «ዐይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ውሰዱኝ» አሉ። አባቴም «ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን» ብሎ ቃል ሰጠ። እኔ በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ በሙሉ አወራሁ።

ፋሲካ አለፈ፤ አባቴ ፈቃድ ተከለከለ። ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ መጣና መኪኖቹ ከግንደወይን ወዲህ ጭቃ ውስጥ መቆማቸው ተሰማ። እናቴ ያዘጋጀችው በሶና ዳቦ ቆሎ ተፈትቶ እቤት ተበላ። ክረምቱ እስኪወጣ እማሆይ በየማለዳው ደጃፍ ላይ ወጥተው ሰማዩን ያዩና ይመለሳሉ። ጓደኞቼም «ሞጣ እንዴት ነው?» እያሉ ይሳለቁብኝ ጀመር።

ከመስቀል በኋላ እናቴ ስንቁን እንደገና አሰናዳች። አባቴ ግን አዲስ ነገር አመጣ። «ቤቱ እኮ አሁን መሥሪያ ቤት ነው» አለ። «የመንግሥት ቤት እንደ ዘመድ ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ማስፈቀድ አለብን።»

«እሳቸው ያን ጊዜ ሲገቡ ማንን አስፈቀዱ?» አለች እናቴ።

«ያን ጊዜ ተከሰው ነው የገቡት።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ይክሰሰንና እንግባ!»

አባቴ አልሳቀም። እኔን አስከትሎ ስልክ ቤት ሄደ። ብዙ ከጠበቅን በኋላ መስመሩ ተገኘና መጮኽ ጀመረ። «ሃሎ! ሞጣ! ሞጣ! አንዲት አሮጊት ናቸው! አሮጊት! አዳራሹን ለማየት!» ጥቂት አዳመጠና ፊቱ ቀላ። «የለም፣ አልሞቱም! ማንም አልሞተም! ለማየት ነው የምልዎ!» ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ይሥቃሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እቤት ስንመለስ አባቴ «ኅዳር ሲገባ ኑ ብለዋል» አለ።

«ማነው ያለው?» አለች እናቴ። «ኅዳር ስንት ቀን?»

«መስመሩ ተቋረጠ።»

እናቴ ስንቁን አንሥታ ወደ ቆጡ መልሳ ወረወረችው።

ኅዳር ገባ፤ ሄድን። መኪናው ጨውና ላምባ የጫነ ነበር። እማሆይ ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እኛ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጣን። አቧራው ዐይናችንን እየደፈነ፣ ገመድ ጨብጠን እየተወረወርን ሞጣ ስንደርስ የእናቴ ነጠላ ከነጭ ወደ ቡኒ ተለውጦ ነበር። ከዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ በጠዋት ወደ አዳራሹ ሄድን።

በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። «ዛሬ አይቻልም» አለ። «ከደብረ ማርቆስ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

አባቴ ኮቱን አስተካከለ። «እኔ የቢቸና ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። በስልክ ተነጋግረን ነው የመጣነው።»

«ከማን ጋር?»

አባቴ ከማን ጋር እንደተነጋገረ አያውቅም። ቃል ሲፈልግ ዘበኛው በሩን ሊዘጋው ገፋ። ያኔ እማሆይ ምርኩዛቸውን ከፊቱ ዘረጉ። «በሕግ አምላክ!» አሉ።

ከእሳቸው እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዘበኛው በሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጫጫታውን ሰምቶ አንድ ወጣት ሹም ወጣ፤ አነጋገሩ የአገሩ ሰው አይመስልም። እማሆይን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «እሺ፣ ቶሎ ዐይተው ይውጡ» አለ።

ገባን። የተነገረን ትልቅ አዳራሽ ግን የለም። ውስጡ በስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ክፍል ክፍል ተደርጎ፣ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ ቀርቷል። ከየክፍሉ የጽሕፈት መኪና ይንጫጫል። እማሆይ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ፣ በምርኩዛቸው ወለሉን እየነኩ ሄዱ፤ ከአንድ የተቆለፈ በር ሲደርሱ ቆሙ።

«እኔ የቆምኩበት ምሰሶ እዚህ ውስጥ ነው» አሉ። «ክፈቱልኝ።»

«ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል» አለ ሹሙ።

«መቼ ይመለሳል?»

«እንጃ፤ ሩቅ ነው።»

እማሆይ ኮምፔንሳቶውን በመዳፋቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። «ይህን ማን አቆመው?»

«ለሥራ ነው፣ እማሆይ።»

ትንሽ አሰቡና ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆሙ። እናቴን «ነይ፣ አንቺ ከኋላዬ ነበርሽ» አሏት። እናቴ፣ አምስት ልጆች የወለደች ሴት፣ ሄዳ በእሳቸውና በግድግዳው መካከል ተጠጋች።

«የባሌ ታላቅ ወንድም ቀድሞ ተናገረ» አሉ እማሆይ። «መሬት በሴት እጅ ዳዋ ይለብሳል አለ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ይቺም ታለቅሳለች። ገዥው ወደ እኔ ዞሩና፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? አሉኝ።» ከጎናችን ያለው የጽሕፈት መኪና ዝም አለ። «እኔም እጅ ነሣሁና...»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ሹሙ እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። «መጡ! መጡ! በጓሮ፣ በጓሮ ውጡ!»

ዘበኛው እየገፋፋ፣ የተሰበረ ወንበርና አመድ ወደተከመረበት ጓሮ አስወጣን። በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

አባቴ «በቃ፣ እዚሁ ይጨርሱልን» አለ።

«አመድ ላይ ቆሜ?» አሉ እማሆይ።

«እማሆይ፣ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ እኮ ነው!»

«አልናገርም።»

አባቴ አማቱ ፊት ጮኾ አያውቅም ነበር። ያን ቀን በዘበኛው፣ በስልክ ቤቱ፣ በተቆጣጣሪው፣ ለቅሶ በሄደው ሰውዬ ላይ ሁሉ ጮኸ። እናቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ አለቀሰች። በሐዘን ሳይሆን በንዴት ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሰው ነበርና አውቃለሁ።

በማግስቱ ኑግ የጫነ መኪና አገኘንና ተመለስን። እማሆይ እንደገና ጋቢና፣ እኛ ከላይ። ቢቸና ስንደርስ ሾፌሩ ሮጦ ዞረና እማሆይን ደግፎ አወረዳቸው። ዐይኑ በሣቅ ብዛት አልቅሷል።

«እኚህ ሴትዮ ጉድ ናቸው!» አለን። «እንዴት ያለ አንደበት ነው! መንገዱን በሙሉ የሙግታቸውን ነገር ሲያጫውቱኝ መጡ።»

እናቴ ክው አለች። «ምን ብለው ረቱ?»

«አታውቁትም? ኧረ እሳቸው ይንገሯችሁ!» አለና ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆመውን መኪና ወደ ደጀን ነዳው።

እማሆይን በዚያው ምሽት ጠየቅናቸው። «ተናግሬያለሁ እኮ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በቀጣዩ ክረምት ሞቱ።

ከተዝካራቸው በኋላ ያንን ሾፌር ገበያው ዳር ጎማ ሲቀይር አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ነግሬው ለመንኩት። ግንባሩን በዘይት በተነከረ እጁ እያሸ ብዙ አሰበ።

«ስለ አንድ በሬ ነበር» አለ። «በሬውን አንሥተው ሲናገሩ ያ ወንድምየው አፍሮ አንገቱን ደፋ አሉኝ። እኔም ያኔ ሣቅሁ። ግን እኮ፣ እኅቴ፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነበርን። ቁልቁለት ላይ ሙግት ይደመጣል?»

እቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እህል ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አቆመች።

«የምን በሬ?» አለችኝ። «እኛ ቤት በሬ አልነበረም።»