ደምሴን ያጋለጥኩበት ጠዋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወታደር ሳለሁ፣ የጓደኛዬን ምስጢር አወጣሁ። ነገሩ አልፏል። እሱ ያን ዕለት ያየኝ አስተያየት ግን እስካሁን አይረሳኝም።

ኅዳር ላይ ሃያ የምንሆን ወታደሮች ከደባርቅ በላይ ተራራ ላይ ሰፈርን። የጦሩ ሐኪሞች ከፍታና ብርድ በወታደር ጤናና ጉልበት ላይ ምን እንደሚያመጣ ያጠኑ ነበር። ሲስተር ዘይነባ የምትባል የጎንደር ልጅ በየጠዋቱ ጣታችን ላይ ትንሽ መሣሪያ ሰክታ የደማችንን ኦክስጅን ትለካለች። "ራስህን ያምሃል? ያቅለሸልሽሃል?" ብላም ትመዘግባለች። ከዚያ ጓዝ ተሸክመን ዳገት እንወጣለን።

ጥናቱን የጨረሰ ለተራራ ሥልጠና እንደሚመረጥ ተነግሮናል። ጓደኛዬ ደምሴ ይህን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። የመተማ ልጅ ነው፤ ሙቀት እንጂ ውርጭ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከድንኳን ጀርባ ሲያስመልሰው አገኘሁት።

"ለማንም እንዳትናገር" አለኝ።

ቃል ገባሁለት። ሲስተር ስትጠይቀው "ደህና ነኝ" አላት። የኦክስጅኑ ቁጥር የሁላችንም ወርዶ ስለነበር የእሱ ለብቻው አላስደነገጣትም።

በማግስቱ የጫማውን ክር ማሰር አቃተው። ዕቃችንን በበቅሎ የሚያመላልሱት አያ ታደገ ሲራመድ አዩት።

"ይኸ ልጅ ምነው እንደ ሰከረ ሰው ይረግጣል?" አሉኝ።

ወደ ሲስተር ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ቀጥ ብሎ እንዲራመድ አዘዘችው። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ወደቀ። ኦክስጅን ተደርጎለት በቅሎ ላይ ወጣ፤ አያ ታደገ እየሳቡ፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውት፣ ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትክ ብሎ አየኝ።

"ይኸ ነው ቃልህ?" አለኝ።

አንጎሉ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ጎንደር ያከሙት ሐኪሞች አንድ ቀን ቢዘገይ አይተርፍም ነበር አሉ።

በበነጋው ሲስተር መሣሪያዋን ይዛ መጣች። የእኔን ለካችና ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተስ? እውነቱን ንገረኝ።"

ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እህል ከበላሁም ቀን ሆኖኝ ነበር።

"ደህና ነኝ" አልኳት። ጻፈችው።

ደምሴ ዳነ፤ ለሥልጠናው ግን አልተመረጠም። እኔ ተመረጥኩ።

አሁን ሁለታችንም ከውትድርና ወጥተናል፤ እኔ ኮላ ድባ ገብቼ አርሳለሁ። ባለፈው ዓመት ጎንደር አራዳ ተገናኝተን ምሳ በላን። ስለ ልጆቻችን አወራን። ያን ቀን ያነሳ የለም።

እሱን በማጋለጤ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። የራሴን ምስጢር ግን እስካሁን አልነገርኩትም።