ለመልከጼዴቅ ያልተነፋው ጥሩንባ

ሰበታ ውስጥ አደ ድንቅቱ ጎበናን የማያመሰግን አፍ የለም። ከጅማው መንገድ ወደ ወጨጫ ተራራ በሚያወጣው ኮረኮንች ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ አንድ ቀን የእሷን በልቷል፣ ወይም ጠጥቷል፣ ወይም ለብሷል። ሁለቱን የቦኖ ውኃ ያስገባች እሷ ናት። መዋእለ ሕፃናቱን ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ ተሳድባ ያሠራች እሷ ናት። የተማሪ ምገባ የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ ከገዛ ወፍጮዋ ዱቄት እያወጣች በትምህርት ቤቱ ጓሮ ገንፎ ያስገነፋች እሷ ናት። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው ያላወቀው፣ ወይም አውቆ ዝም ያለው፣ ሴትዮዋ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባ እየሰማች የምትነቃ መሆኗን ነው።

የእድር ጥሩንባ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ኦቦ ዲሪርሳ ያችን የተቀጠቀጠች ጥሩንባቸውን ይዘው መንደር ለመንደር ይዞራሉ። ይነፋሉ፤ ይቆማሉ፤ የሟቹን ስም ይጠራሉ፤ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራሉ። አሁን እድሩ የቴሌግራም ግሩፕም አለው። ግን በስልክ የመጣ ሞት ለዚህ ሰፈር ሰው ወሬ ነው፤ ሞት የሚሆነው ጥሩንባ ሲነፋ ነው። ድንቅቱ የምትሰማው ጥሩንባ ደግሞ ጎዶሎ ነው። ይነፋል፤ ይቆማል፤ ስም አይከተለውም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስሙን ትጠብቃለች። ውሻ ይጮሃል። የፋብሪካው አውቶብስ ሠራተኛ ሊጭን አስፋልቱ ላይ ያጉረመርማል። ስም የለም።

"ኦቦ ዲሪርሳ፣ ዛሬ ማን አረፈ?" ትላቸዋለች ረፋዱ ላይ ስታገኛቸው።

"ማንም፣ አደ። ናጋ ነው፣ ሰላም ነው።"

"ነፍተው ነበር እኮ።"

"እኔ? ጥሩንባዋ ምስማሯ ላይ ናት። እርጅና ጆሮ ሲደፍን አይቻለሁ፤ ሲከፍት ግን ያየሁት በእርስዎ ነው።"

ሽማግሌው ይስቃሉ። እሷ አትስቅም። የማን ጥሩንባ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ድንቅቱ የተወለደችው ዛሬ ባለ አራት ፎቅ በቆመበት ቦታ ላይ ነው፤ ያኔ የአባቷ የኦቦ ጎበና የጤፍ ማሳ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመቷ ባሏን ቀበረች። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ጥሩንባ ሰምቶ ወጣላት። የማታውቃቸው ሰዎች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የተጣላቻቸው ሴቶች ንፍሮ ቀቀሉ፤ ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆሞላት አንድ ሌሊት ብቻዋን አላደረችም። እድር ማለት እግዚአብሔር በእጅ ሲዳሰስ ነው ብላ ያመነችው ያኔ ነው። የእድሩ ዳኛ አድርገው ሲመርጧት ሴት እንዴት ዳኛ ትሆናለች ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። አፋቸውን በሥራ ዘጋችው።

ቀስ በቀስ ከተማው መጣ። ማሳው ተሸንሽኖ አለቀ። ለድንቅቱ የቀራት ወፍጮ ቤቱና አንድ ግቢ ነው፤ በግቢው ጀርባ ስድስት ሰርቪስ ክፍል ሠርታ፣ ከአዲስ አበባ ኑሮ ለገፋቸው ሰዎች አከራየች። እንደ እሷ ያከራየ ብዙ ነው። ታዲያ አንድ ክረምት አንድ ተከራይ እናቱ ሞቱበት። እድሩ ቆፈረለት፣ ተሸከመለት፣ አስተዛዘነው። ሰውዬው የእናቱ አርባ ሳይወጣ ዕቃውን ጭኖ ቡራዩ ገባ። በወሩ የጎረቤቱ ቀብር ላይ ስሙ ቢጠራ የለም። ድንቅቱ በገነች። በጠቅላላ ጉባኤው ተነስታ፣ "ሥር የሌለው ዛፍ ጥላው ለማን ነው? ከእንግዲህ ተከራይ አይመዝገብ" አለች። ተጨበጨበላት። አንቀጽ አሥራ አንድ ሆኖ ደንቡ ላይ ተጻፈ። ለአንድ ሰው ጥፋት ሺህ ሰው መቅጣት እንዲህ ቀላል ነው፤ ጭብጨባ ይበቃዋል።

መልከጼዴቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ከሚስቱ ከዕድላዊት ጋር የድንቅቱን ሦስተኛ ክፍል ተከራየ። አዲስ አበባ ሰፈራቸው ፈርሶባቸው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እድርተኛ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነና እድሩም አብሮ ፈረሰ። ድንኳኑን ማን እንደወሰደው እንኳ የሚያውቅ የለም። ሁለት ጊዜ መዝግቡኝ ብሎ ጠየቀ።

"እትዬ ድንቅቱ፣ እኔ እንግዲህ የት ሄጄ ልሙት?" አላት አንድ ቀን፣ የወፍጮውን ሞተር ፈትቶ መሬት ላይ እንደዘረጋው።

"አንተ ገና ምን ሆነህ። ቺንጊያውን አጥብቅልኝ ይልቅ።"

አጠበቀላት። ሞተሩን እንደ አዲስ አድርጎ መለሰላት። ስሙ በማይጠራበት ቀብር ሁሉ ደግሞ ይገኝ ነበር፤ ሳጥን ይሸከማል፣ አፈር ይመልሳል፣ የአባላቱ ስም ሲጠራ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ያዳምጣል። ይህን ያላየ የእድር አባል አልነበረም።

በሰኔ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል የመልከጼዴቅ ልብ ቀጥ አለ። ኦቦ ዲሪርሳ ጥሩንባዋን ይዘው የድንቅቱ በር ላይ ቆሙ።

"ልንፋ?"

"ደንቡን ያውቁታል።"

"ደንቡን አውቀዋለሁ። ሰውዬውንም አውቀዋለሁ።"

"ዛሬ ለሱ ከተነፋ ነገ ለሁሉም ሊነፋ ነው፣ ኦቦ ዲሪርሳ።"

"ኢሺ" አሉና ጥሩንባዋን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት።

ድንቅቱ ጨካኝ አልነበረችም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። የከፈን ጨርቅ ገዛች። ሳጥን አመጣች። ፒክአፕ ጠራች። ዱቄትና ትልቅ ድስት ለዕድላዊት ላከች። ከጥሩንባው በቀር ሁሉን ሰጠች። መንደሩ ግን አልሰማምና ተኛ፤ ሲነጋም ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ሄደ። ፒክአፑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን ጭቃ አልችል ብሎ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ሳጥኑን መሸከም ግድ ሆነ። ሹፌሩ፣ ኦቦ ዲሪርሳ፣ አንድ የጎረቤት ተከራይ፤ ሦስት ሆኑ። አራተኛውን ጫፍ ዕድላዊት ያዘችው።

በዚህ አገር ሴት ሬሳ አትሸከምም። ድንቅቱ ከወፍጮ ቤቷ ደጃፍ ሆና አየቻት፤ ነጠላዋ ጭቃ እየጎተተ፣ ትከሻዋን ከሳጥኑ ሥር አስገብታ ዳገቱን ስትወጣ። አላለቀሰችም። ሳጥን የያዘ ሰው እንባውን በምን እጁ ይጠርጋል?

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባው ተሰማ።

የድንቅቱ ደግነት የባሰውም ከዚያ ወዲህ ነው። ቦኖው፣ መዋእለ ሕፃናቱ፣ ገንፎው፣ ሁሉም ከዚያች ሰኔ በኋላ የመጣ ነው። ሰው ባረካት። እሷም በእያንዳንዱ ምርቃት ማግስት ሌሊቱን ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች፤ ምናልባት ዛሬ ይተወኝ ይሆናል እያለች። አንቀጽ አሥራ አንድን ግን አልነካችውም። ለማስሻር ለምን እንደሚሻር መናገር ይጠይቃል፤ ቦኖ ለማስገባት ግን ምንም መናገር አያስፈልግም። ስንት ሰው ነው በዚህ አገር እንዲህ የሚመጸውት፤ አንዲት ቃል እንዳይናገር ከተማ ሙሉ የሚያበላ።

ከሦስት ዓመት በፊት ዕድላዊት ወለቴ መግባቷን ሰማችና ጤፍ አስጭና ሄደች። ሴትየዋ በር ላይ ተቀበለቻት፤ ወንበር አወጣችላት፤ ጤፉን አየችው።

"ለምን ደከሙ፣ እትዬ?"

"እንዲያው ልይሽ ብዬ ነው። ... የዚያን ቀኑን ነገር..."

"የሰጡኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። ጨርቁም ጥሩ ነበር።" ዕድላዊት ድምጿን አላነሳችም። "የነፈጉኝን ግን አሁን ሊሰጡኝ አይችሉም። ይቅርታውም እኔ ዘንድ የለምና እኔን አይጠይቁ።"

ጤፉን ግን ቤት አስገባችው። ድንቅቱ መኪና ውስጥ እስክትገባ ቆማ ሸኘቻት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ዘንድሮ እድሩ ትልቅ አዳራሽ ሠራ። ጸሐፊው ስምዖን፣ ካራቫት የሚያምርበት፣ ሰው መሰብሰብ የሚያውቅ ልጅ፣ አዳራሹ በስሟ ይጠራ ብሎ አስወሰነ። በአንድ የኅዳር እሑድ ምረቃው ተቀጠረ። እንግዶች ከከተማ አስተዳደሩም፣ ከሆለታም፣ ከሱሉልታም ተጠሩ። ዋዜማውን የእድሩ ትልቅ ድንኳን አዳራሹ ፊት ለፊት ተተከለ፤ "የድንቅቱ ጎበና አዳራሽ" የሚለው ሰሌዳ ተሰቅሎ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ። ድንቅቱ ጨርቁን ስታየው ከፈን መሰላት። ለማንም አልነገረችም።

ሌሊቱን ጥሩንባው መጣ። ይነፋል፤ ይቆማል። ስሙን ስትጠብቅ የግቢዋ በር ተንኳኳ። ስትከፍት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፤ ከኋላቸው አንዲት ወጣት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች።

"ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ?" አለች ድንቅቱ፤ ሲከብዳት ኦሮምኛዋ ይቀድማል።

"ሮዳስ ናት፤ ከታች ሠፈር ተከራይታ የምትኖረው። እናቷ ወይዘሮ የወይንሐረግ አረፉ።"

"እትዬ፣ እኔ ጥሩንባ አልጠየቅሁም" አለች ሮዳስ ቶሎ ብላ፣ እንዳጠፋ ሰው። "አይገባንም፣ አውቃለሁ። አከራያችን ግቢዬ ውስጥ ለቅሶ አይቀመጥም ብለውኛል። እስክንቀብር ብቻ... እማዬን የት ላቆያት ነው የምለው።"

ወሬው በስልክ ደርሶት ስምዖንም እየሮጠ መጣ። ልጅቷን ወደ ጎን ትቶ ለድንቅቱ በጆሮዋ ነገራት።

"ነገሩ ያሳዝናል፣ አደ። መኪናም፣ ሳጥንም፣ ሁሉን እንሰጣታለን። ግን ዛሬ እንግዳ አለን። ደንቡም ግልጽ ነው።"

"ደንቡ የኔ ነው።"

"እኮ። እንዲያውም የእርስዎ ነው።"

ድንቅቱ ሮዳስን አየቻት። ቀጭን ትከሻ ነው ያላት። ሳጥን ምኑ ላይ ያርፋል?

ኦቦ ዲሪርሳ ጥሩንባዋን ከጋቢያቸው አወጡ። እንደዚያን ጊዜው ነው የጠየቁት፤ ድምፃቸው አንድ ነው።

"ልንፋ?"

"ይንፉ። ስሟን እየጠሩ ይንፉ። ለቅሶው እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነው ይበሉ።"

"አደ፣ የትኛው ድንኳን?" አለ ስምዖን።

"ስንት ድንኳን አለን?"

ሰዉ ወጣ። ጥሩንባ ሰምቶ የማይወጣ የለም፤ እግር ከደንብ በፊት ይነሳል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የምረቃው ወንበሮች ለቀስተኛ ሞላቸው። እንግዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሆለታ እርሻ የተቆረጠ አበባ ይዘው መጡና የሴቶች ሙሾ ተቀበላቸው። አበባውን የት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው። መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ፣ እንደ ወጉ፣ ስምዖን መዝገቡን አውጥቶ የአባላቱን ስም ሊጠራ ተነሳ። ድንቅቱ ከእጁ ተቀበለችው። አልገለጠችውም።

"መልከጼዴቅ ገብረየስ" ብላ ጠራች።

ሰዉ ተያየ። እንግዶቹ የሟች ዘመድ መሰላቸው።

"መልከጼዴቅ ገብረየስ። እኔ ግቢ ውስጥ ነው የሞተው። ጥሩንባ ያስከለከልኩ እኔ ነኝ። የእናንተን ሬሳ ስንት ጊዜ ተሸክሟል፤ እሱን ሚስቱ ተሸከመችው። ከወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ሆኜ አይቻለሁ።" መዝገቡን ለስምዖን መለሰችለት። "ቦኖ አስገባች ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ያስገባሁት።"

የተናደደ ነበር፤ በእንግዳ ፊት አዋረደችን የሚል። ራሱን የደፋም ነበር፤ ያን ጠዋት ወሬውን ሰምቶ ጥሩንባ አልሰማሁም ብሎ የተኛ። አጥሩ ጥግ፣ መልከጼዴቅ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ተከራዮች ቆመው ነበር፤ ብዙ ናቸው። ኦቦ ዲሪርሳ ብቻ፣ ጥሩንባዋን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ "አለ" አሉ። "ሁልጊዜም ነበረ።"

አንቀጽ አሥራ አንድ በወሩ ተሻረ፤ በጥቂት እጅ ብልጫ። በዚያው ስብሰባ ላይ ዳኝነቱ ከድንቅቱ ተነስቶ ለስምዖን ተሰጠ። እሷም እጇን ለእሱ አወጣች። ሰሌዳው ሳይገለጥ ወርዶ ወፍጮ ቤቷ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተደግፏል፤ ዱቄት ለብሷል። ዕድላዊት ወሬውን ሰምታለች ይባላል። አልመጣችም። ለምን ትመጣለች?

ጥሩንባውም አልተዋትም። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ይነፋል፤ ይቆማል። ለውጡ አሁን ድንቅቱ ስም አለመጠበቋ ነው። አልጋዋ ላይ ቀና ትልና፣ ጨለማው ውስጥ፣ ስሙን ራሷ ትጠራለች፤ ከነአባቱ። ከዚያ ተነስታ ወፍጮ ቤቱን ትከፍትና መቀስቀሻውን ትጫነዋለች። መልከጼዴቅ የጠገነው ሞተር እስካሁን አልተበላሸም።