የወጌሻው ልጅ ዘነበች

ጠዋት ስልኬን ስከፍት የዘነበች እህት ልጅ መልእክት ልኳል። ዘነበች አረፈች ይላል። ተሳስቶ ነው ብዬ ደወልኩለት። ባለፈው እሑድ እኮ አውርተናል፤ ጉልበቴን አሞኝ ቁጭ ብዬ መዋሌን ሰምታ ስትቆጣኝ ነበር። ልጁ አልተሳሳተም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ፊዚዮቴራፒስት ሆና ነው። አልጋ ላይ የቀረ ስንቱን ሰው አስነስታ አስኬዳለች። እኔ የማውቃት ከዚያ በፊት ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ቀራንዮ ጎረቤት ሳለን።

አባቷ አባባ ገብሬ ወጌሻ ነበሩ። ከኮልፌ ወዲህ የተሰበረም የወለቀም እሳቸው ጋ ነበር የሚመጣው። ዘነበች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ፊዚዮቴራፒ ልማር ብትል እዚህ አገር የሚያስተምር የለም ተባለች። መንገዱን የነገራት የስፖርት አስተማሪያችን ነው። መጀመሪያ ስፖርት ተማሪ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እወቂ፣ ሌላውን በዚያ በኩል ትደርሺበታለሽ አላት። ስፖርት የሚያስተምረው ኮሌጅም ተቀበላት።

አባባ ገብሬ ግን ሴት ልጃቸው በቁምጣ ስትዘል ሊያዩ አልፈለጉም። "ስብራት በዝላይ ይድናል እንዴ?" ይሉ ነበር። በስንት ልመና እስከ መስከረም ላስብበት አሉ።

በዚያ ክረምት ፌርማታው ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ጭቃ አንሸራቶኝ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ታይፕ ተምሬ ጨርሼ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና እየጠበቅሁ ነበር። አባባ ገብሬ አሽተው በሸምበቆ አሰሩኝና እኔ እስክፈታው እንዳትነኪው አሉኝ። ዘነበች እሳቸውን አስፈቅዳ ጣቶቼን ብቻ ታሠራኝ ጀመር። ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ክፈቺ፣ ዝጊ። ፊቴን ባጨማደድኩ ቁጥር "አሞሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?" ትለኛለች። ካመመኝ ታቆማለች፤ ከፈራሁ አትሰማኝም። ኋላ በሽተኞቿንም እንዲሁ ትጠይቃቸው ነበር አሉ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፣ ያቺ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ እስሩን ፈትቼ ታይፕ ቤት ሄድኩና ስመታ ዋልኩ። እንደነበረ መልሼ ለማሰር ሞከርኩ። በማግስቱ እጄ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ።

አባባ ገብሬ እስሩን የፈታችው ዘነበች መሰለቻቸው። "የሰው እጅ መጫወቻሽ ነው?" አሏት። ኮሌጅ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ አሉ። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። ገብቷታል። እኔ ግን ካወቁ ያባርሩኛል፣ እጄም ሳይድን ፈተናው ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።

አላጋለጠችኝም። ሸምበቆው ሲፈታ እጄ ግትር ብሎ ቀረ። እሷ አባቷ ገበያ እስኪወጡ እየጠበቀች፣ ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ እያስጨመቀች አፍታታችልኝ። ፈተናውን አልፌ ሥራ ገባሁ። እሷ ዓመቱን ሙሉ ቤት ዋለች።

በዓመቱ አባባ ገብሬ መንገድ ላይ አገኙኝና እጄን አገላብጠው አዩት፤ ጣቶቼን አጠፉ፣ ዘረጉ። ማን ነው እንዲህ ያፍታታው አሉኝ። ዘነበች ናት አልኩ። እጄን እንደያዙ ቤት ወሰዱኝና ጠሯት።

"አጥንቱን ለእኔ ተይልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ያንቺ ይሁን" አሏት።

መስከረም ላይ ራሳቸው ወስደው አስመዘገቧት። የዚያን ቀንም እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። እሳቸውም ሳያውቁ ሞቱ። ለእሷ ግን አንድ ሁለቴ ላነሳላት ሞክሬ፣ "ተይው ባክሽ፣ አንድ ዓመት ምን አላት" ብላ ወሬ ለወጠችብኝ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዘነቡዬ፣ ባለውለታዬ፣ ደህና ሁኚ። እግዜር በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍሽ። ይኸው ለሚያውቁሽ ሁሉ ተናግሬያለሁ። አባባ ገብሬን እዚያ ስታገኚያቸው እስሩን የፈታሽው አንቺ እንዳልነበርሽ ንገሪያቸው። እኔ ነኝ ብላለች በያቸው።