ወደ ዴልፊና መኪና የሚጠጋ ቀበቶውን ይፍታ

ዴልፊና ኪንታና መኪናዋን የት እንደምታቆም የምትወስነው ገና ከቤት ሳትወጣ ነው። ገበያ ከሆነ የምትሄደው፣ ከመደብሩ በር በጣም የራቀውንና በአንድ ወገኑ ግንብ ያለውን ጥግ ትይዛለች። ዛፍ ሥር አታቆምም፤ ወፍ አለ፣ ሙጫ አለ። የዕቃ መግፊያ ጋሪዎች የሚሰበሰቡበት አካባቢም አትደርስም፤ በከተማችን በኤስፓኞላ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ባዶ ጋሪ እያንከባለለ ምን እንደሚሠራ ታውቃለች። ከሌላ መኪና ጎን መቆም ግድ ከሆነባት ቀድማ የምታየው የዚያን መኪና የበር ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከተላላጠ ባለቤቱ በሩን ሳያይ የሚከፍት ሰው ነው፤ ታልፈዋለች። የሕፃን ወንበር ካየችም ታልፋለች።

ቦታውን ካገኘች በኋላ የምትሠራው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጎማዎቹን ታቃናለች። ከመሪው በታች ካሉት ትንንሽ ማብሪያዎች አንዱን ትጫናለች፤ መኪናዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርጋት የሃይድሮሊክ ዘይት ይለቀቅና ልትተኛ እንደምትንበረከክ ላም ቀስ ብላ በሆዷ መሬት ትይዛለች። እንዲህ የተኛች መኪና ማንም ገፍቶ አያንቀሳቅሳትም። ከዚያ ወርዳ፣ እናቷ የሸመነችውን የሱፍ ብርድ ልብስ ሰው በሚያልፍበት ወገን በር ላይ ታንጠለጥላለች፤ ማሰሪያዎቹን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ትዘጋባቸዋለች። ወደ መደብሩ የምትራመደው ይህ ሁሉ ካለቀ ነው።

ኦኔሲሞ ባካ ይህን ሁሉ ከዝገታም ፒካፑ ውስጥ ሆኖ እያየ ይጠብቃታል። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣችው ዴልፊና ስለሆነች አበልጅ ናቸው፤ ይህ ግን አፉን ይዞለት አያውቅም።

«አበልጄ፣ ከሳንታፌ በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

«ያንተ መኪና ካለበት አገር ለመራቅ ነው።»

«ምን አደረገችሽ መኪናዬ?»

«እስካሁን ምንም። ርቄ ስለማቆም ነው።»

መኪናዋ የስልሳ አራት ሞዴል ኢምፓላ ነች፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ በሮቿ ረጃጅምና ከባድ። ቀለሟን የቀባው የዴልፊና አባት ዶን አቤኒሲዮ ነው፤ ዴልፊና የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት በጀመረችበት ዓመት፣ በገዛ ግቢው፣ ለበግ መጠለያ በሠራው ዳስ ውስጥ። በጥቅምት ወር በየቤታችን ግድግዳ ላይ እየተጎነጎነ የሚሰቀለውን ቀይ በርበሬ ይመስላል፤ ጧት ሲያዩት ደማቅ፣ ማታ ሲያዩት ወደ ጥቁር የሚያደላ። ሽማግሌው ቀለሙን የደባለቀው በዓይኑ ነው። እየቀባ፣ እያደረቀ፣ እያለሰለሰ፣ መልሶ እየቀባ በጋውን ጨረሰበት። ምን ከምን ጋር እንደደባለቀ ቢጠየቅ «እስኪመስል ድረስ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ዛሬ ዓይኑ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ስለዚህ ያ ቀለም አንድ ጊዜ ከተላጠ የሚመልሰው ሰው የለም። ዴልፊና ርቃ የምታቆመው ለዚህ ነው፤ እኛም እየሳቅንባት ይህን እናውቃለን።

የቀበቶው ነገር የመጣው ደግሞ ከሸለቋችን ወንዶች ልማድ ነው። በዓል ሲሆን የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል የብር ዘለበት ያለው ቀበቶ የማይታጠቅ የለም። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ጨዋታ የያዘ ሰው ዘለበቱን ወደፊት አድርጎ የኢምፓላዋ ፓራፋንጎ ላይ ሊደገፍ ሲል ዴልፊና ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ወይ ሁለት እርምጃ ወደኋላ፣ ወይ ቀበቶህን ፍታ» አለችው። ሰውየው ሣቀ። እሷ አልሣቀችም። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምትለው ይህንኑ ነው። ኦኔሲሞ ግን ተቀየማት። የእሱ ዘለበት በወጣትነቱ ኮርማ ጋልቦ ያገኘው ሽልማት ነው፤ ሲተኛም የሚፈታው አይመስለንም። እናም ለዓመታት ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራት ኖረ።

ባለፈው ጥቅምት የዶን አቤኒሲዮ የልጅ ልጅ ኢቬት አገባች። አባቷ ስለሞተ፣ ክንዷን ይዞ ወደ መሠዊያው የሚያደርሳት አያቷ ነበር። ሽማግሌው በጸደይ ዳሌው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ከጥቂት እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም፤ የሌላ ሰው መኪና ላይ ተቀምጦ እንዲመጣም ማንም ሊጠይቀው አልደፈረም። ስለዚህ ዴልፊና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢምፓላዋን ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ማምጣትና ሕዝብ መሐል ማቆም ነበረባት። መንደሩ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሲያወራ ሰነበተ።

ጧት መጀመሪያ የሄዱት ሙሽራዋ ቤት ነበር። ኢቬት ነጭ ልብሷን ሰብስባ በረንዳ ላይ ስትወጣ ዴልፊና በማብሪያዎቹ መኪናዋን ከፊት አነሣቻት፣ ከኋላ አነሣቻት፣ በአንድ ጎኗ አዘነበለቻት። ሰው አጨበጨበ።

«ድገሚው» አላት አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ።

«ባትሪ ይጨርሳል፣ አባዬ።»

«ባላየውም ይሰማኛል። ድገሚው።»

ደገመችው። ሌላም ጊዜ ደገመችው። የፓምፑ ድምፅ እየወፈረ ሲሄድ ሰምታለች፤ ባትሪው ለአንድ ቀን ይበቃል አለች በልቧ።

ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ፣ የዝናብ ጎርፍ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ከአስፋልቱ በጣም ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኦኔሲሞ ከማለዳ ጀምሮ ባዶው ቦታ ላይ በእግሩ ቆሞ፣ ሊያቆም የመጣውን ሁሉ በባርኔጣው ሲያባርር ቆየ። ኢምፓላዋ ስትደርስ ዘወር አለላት።

«ግቢ፣ አበልጄ። የዛሬዋን ብቻ ከሰው ጋር ቁሚ።»

ዴልፊና ከጠርዙ ጋር አስተካክላ፣ በአንድ ማዞር ገባች። አውቶቡስ የሚነዳ ሰው እጅ አላት። በግራ መስታወት ወደኋላ ተመለከተች፤ አንድ ሰፊ ፒካፕ ጎኗን ታክኮ እያለፈ ነበር፤ ዓይኗ እሱ ላይ እንዳለ እጇ የለመደውን ሠራ። ጎማዎቹን አቀናች፤ ማብሪያውን ተጫነች።

ሌላ ጊዜ ከጎኗ ሰው ካለ መጀመሪያ ሰውየው ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ መኪናዋ ትወርዳለች። ያን ቀን ግን ዶን አቤኒሲዮ ሳይታገዝ መውረድ ፈልጎ፣ መኪናዋ እንደቆመች በሩን ከፍቶት ነበር። የከፈተው አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ከፍ ካለው የእግረኛ መንገድ በላይ። መኪናዋ ስትወርድ በሩም አብሮ ወረደና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

«አባዬ፣ በሩን ከፈቱት እንዴ?»

«ትንሽ። ምንድነው የተሰማው?»

ዴልፊና የማንሻውን ማብሪያ ተጫነች። ፓምፑ ቀጭ አለና ዝም አለ። ደግማ ተጫነች። ቀጭ ብቻ።

ወረደች። አልሮጠችም። በኋላ በኩል ዞራ መጣችና፣ ሐምራዊ የሠርግ ልብሷን ሰብስባ ቁጢጥ ብላ አየች። የዚያ ጎን ክብደት በሙሉ በሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ አርፎ ማጠፊያዎቹን ይጎትታል። በሩ ወደ ውጭ ቢገፋ ይፋቃል፤ ወደ ውስጥ ቢሳብም ይፋቃል። በተከፈተው ስንዝር ደግሞ ሽማግሌው አያልፍም። በሹፌሩ በኩል እንዳይወጣ፣ እግሩ መሪውን አልፎ የሚታጠፍ እግር አይደለም።

«ክሪክ አለኝ» አለ አንድ ሰው።

«የት ሥር ታስገባዋለህ? ሆዷ መሬት ነው።»

«ባትሪውን ብንሞላው?»

«እስኪሞላ ቅዳሴው አልቆ ግብዣው ይጀመራል።»

«በሩን አንድ ጊዜ በኃይል ብንገፋው ይከፈታል እኮ» አለ ከዴንቨር የመጣ የሙሽራው ዘመድ።

ዶን አቤኒሲዮ ከውስጥ ሰማው። «በሩን የሚገፋ ሰው እኔን ገድሎ ነው። ኢቬት ትጠብቅ። ካልሆነም ቄሱን ጥሩልኝ፤ እዚሁ መኪናው ውስጥ ትዳር።»

በሌላ መኪና ቀድማ የደረሰችው ኢቬት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አበባዋን ይዛ ቆማለች። ኦርጋኑ ጀምሮ አቆመ።

ኦኔሲሞ እንደልማዱ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር።

«አበልጄ፣ ስንት ሰው ይበቃል?»

«ለምን?»

«በእጅ ለማንሣት።»

ያንን ቀለም ከዴልፊናና ከአባቷ በቀር በባዶ እጁ የነካ ሰው አልነበረም። አሁን የጎማ ቤቱን ከንፈርና የበሩን ሥር ጨብጠው፣ ደረትና ሆዳቸውን መኪናዋ ላይ አስደግፈው ካልሆነ ከፍ አያደርጓትም። ደጃፉ ላይ የቆመችውን ኢቬትን አየች። ከዚያ አባቷን አየች፤ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ይጠብቃል።

«አሥር ሰው» አለች። «ጠንካራ አሥር ሰው።»

ልትጨምር አፏን ስትከፍት ኦኔሲሞ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። የኮርማውን ዘለበት ፈታ፣ ቀበቶውን መዝዞ ባርኔጣው ውስጥ ጠቀለለው። ባርኔጣውን ለሚስቱ ሰጣት። ከዚያ ሁሉም ፈቱ። የሙሽራው ወንድሞች ፈቱ፣ ሚዜዎቹ ፈቱ፣ ቄሱ የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁ። ቀለበት ያለው ቀለበቱን፣ የሸሚዝ እጅጌ ቁልፉ ብረት የሆነ ቁልፉን አውልቆ ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። ማንም ማንንም አላዘዘም። እኔ የኋለኛው ጎማ ወገን ስለነበርኩ የዴልፊናን ፊት አይቻለሁ። የከፈተችውን አፏን ዘጋችው፤ ቀና ብላም ቆመች። እንዲያ ቀና ስትል ቁመቷ ከኦኔሲሞ የሚበልጥ መሆኑን ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

የዴንቨሩ ሰው ዙሪያውን አየ። «ለምንድነው ሱሪ የምትፈቱት?»

«ፍታና ትረዳዋለህ» አለችው የኦኔሲሞ ሚስት፣ ባርኔጣውን እየዘረጋችለት።

ዴልፊና ብርድ ልብሱን አምጥታ አጣጠፈችውና፣ በሠርግ ልብሷ የእግረኛው መንገድ ላይ በደረቷ ተኛች። «እኔ ስል» አለች፤ አውቶቡስ ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ ነው። «ቀስ ብላችሁ፣ እኩል። አሁን።»

አነሣን። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ መኪናዋ ቃተተችና በሩ ከሲሚንቶው ለቀቀ።

«ያዙ። ብርድ ልብሱን ላስገባ።»

«አበልጄ፣ ሱሪዬ እየወረደ ነው» አለ ኦኔሲሞ፣ ጉንጩ ፓራፋንጎው ላይ ተለጥፎ።

«ይውረድ። መኪናዋን እንዳትለቅ።»

ሣቅ ይዞን ክንዳችን ሊዝል ምንም አልቀረው፤ ግን አልለቀቅንም። ዴልፊና ብርድ ልብሱን በሩ ሥር አነጠፈች፣ በሩን በሁለት እጇ ደግፋ ሙሉ በሙሉ ከፈተችው። ዶን አቤኒሲዮ መጀመሪያ ምርኩዙን፣ ቀጥሎ እግሩን አወጣ። እንደወጣ በሩ ተዘጋ፤ እኛም ቀስ ብለን መኪናዋን መሬት አስያዝናት።

ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልተራመደም። «ቀለሙስ?» አለ።

«ታች ጠርዙ ላይ ተፍቋል። የጣት ያህል ነው።»

«ይታያል?»

«ተንበርክኮ ላየ ሰው።»

«እኛ አገር መኪና ተንበርክኮ የሚያይ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው አንቺ ተመልከቺው። ሌላው ምን አገባው።» ክንዱን ዘረጋ። «አሁን ልጅቷን አምጡልኝ።»

ኢቬትን ይዞ ሲገባ ምርኩዙን ለዴልፊና ሰጥቷት ነበር። ከበሩ እስከ መሠዊያው በልጅቷ ክንድ ብቻ ሄደ። ከኋላው እኛ ገባን፤ ቀበቶ ለመታጠቅ ጊዜ ስላልነበረ አንዳንድ እጃችን ወገባችን ላይ እንደተያዘ። የሠርጉ ፎቶ ላይም እንዲሁ ነን። ያላወቀ ሰው ሁላችንን አንድ ላይ ሆድ የቆረጠን ይመስለዋል።

ዴልፊና የተፋቀውን ቦታ ለሌላ ቀቢ አላስነካችውም። መኪናዋን አሁንም ከመደብሩ በር በጣም በራቀው ጥግ ታቆማለች፤ የበር ጠርዝ ታያለች፤ ብርድ ልብሷን ታንጠለጥላለች። ባለፈው ቅዳሜ ኦኔሲሞ ዝገታም ፒካፑን ከኢምፓላዋ ርቆ አቆመና ወርዶ መጣ። ሁለቱ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ቀበቶውን ፈትቶ እንደ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣለ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ያዘ፣ ተጠጋ።

«እስቲ የተፋቀውን አሳዪኝ» አላት።

ዴልፊና ብርድ ልብሱን አነሣችለት። ሁለቱም ተንበረከኩ።