በጎረቤት ሐዘን የጮኸው ስፒከር

አሰላ፣ እኛ ሰፈር፣ ጎረቤት ሰው ሲሞትበት ራዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋል። ማንም አያዝም፤ ባለሐዘኑ ራሱ «በቃ፣ ክፈቱ» እስኪል ድረስ ሁሉም ቤት ጭጭ ይላል። በአጥር የምንዋሰናቸው ሽማግሌ ነጋዴ ሲሞቱ እኔም ዘጋሁ። ሚስታቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ እማማ ነው የምላቸው፤ እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን የበላሁት እሳቸው ቤት ነው። ስለዚህ ሐዘኑ የኔም ነበር፤ ቢያንስ ለሰው እንደዚያ እል ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሲሬና ከዲክሲስ የመጡ ዘመዶች ድንኳኑን ሞልተውታል። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ሰለቸኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሰለቸኝ። አስቸኳይ ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁና ቤቴ ገባሁ።

ላፕቶፔ እንደተቆለፈ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ነበር። የምጠቀመው ሊኑክስ የሚባለውን፣ ባለሙያዎች የሚመርጡትን የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝና ይህን ሳልናገር የማልፍበት አጋጣሚ የለም። ስክሪኑ ቢቆለፍም ቀድሞ የተከፈተው ዘፈን ከነማጫወቻው ይታያል። አንድ ዘፈን ብቻ፣ ለጆሮዬ ብቻ፣ ማን ያውቃል አልኩ። ገመድ አልባውን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ማጫወቻውን ነካሁ።

ማዳመጫው ለካ ከላፕቶፑ ጋር አልተገናኘም። ዘፈኑ ለበዓል ብዬ እስከ መጨረሻው ከፍቼ በተውኩት ትልቁ ስፒከር ወጣ። ያውም የሰርግ ዘፈን። ከአጥሩ ወዲያ ዱዓ እየተደረገ ነው።

ድምፅ መቀነሻውን ተጫንኩ፤ አልቀነሰም። ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ስክሪኑ እንደተቆለፈ ቁልፉ አይሠራም። ማቆሚያውን ልነካ ስል ተሳስቼ ቀጣዩን ነካሁና ከበሮው የባሰ ዘፈን መጣ። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ ስህተት ነው አለኝ። እንደገና ጻፍኩ፤ አሁንም ስህተት። ጠዋት ለእድሩ አባላት ስለ ሐዘኑ ማስታወቂያ ስጽፍ ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትቼው ነበር፤ የይለፍ ቃል ደግሞ በነጥብ ስለሚሸፈን ምን እንደምጽፍ አይታየኝም።

ስፒከሩን ከሶኬት መንቀል እንዴት አልታየህም ትሉኝ ይሆናል። ታይቶኛል። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ገመድ እየነቀሉ ኮምፒውተር በሚያጠፉ ሰዎች ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ በወጉ ላስተካክለው ፈለግሁ። ዱዓው ሲቋረጥ ሰማሁ። ያኔ ነቀልኩት።

ድንኳኑ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ወደተቀመጡበት ወደ ውስጥ ገባሁና አፌን ስከፍት፣ «ኮምፒውተሩ ነው፣ በራሱ ነው የጀመረው» አልኩ። እንዲህ ልል አልገባሁም ነበር። የሟች እህት ፊታቸውን አዞሩብኝ።

እማማ ግን ቀና አሉ።

«ተዉት» አሏቸው። «ኢልመ ኮ ነው፣ የኔ ልጅ ነው። በኔ ሐዘን ዘፈን አይከፍትም። ማሽን ነው።»

ሴቶቹ ለዘብ አሉ። አንዷ እንዲያውም ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። የከፈትኩት እኔ ነኝ ማለት የምችለው ያኔ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ያዘንኩ መሰላቸው።

በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ፣ ስክሪኑ እንደተቆለፈም ድምፅ መቀነስ የሚቻልበትን መንገድ አገኘሁ። ቀላል ነገር ነው። ስፒከሩን ሳልሰካ ሞከርኩት፤ ስክሪኑ ላይ የድምፁ መጠን ምልክት በጸጥታ ወረደ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እማማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። በቃ፣ ራዲዮህን ክፈት አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው ተመለሱ።

«ያ ማሽንህስ ዳነ ወይ?»

«ዳነ፣ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሰው ፊት እንዳሳፈረህ ሳስበው እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነበር።»