በመጽሐፉ ያልነበረው ምዕራፍ

በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ወንፊት» ነው የሚሏት። ቅዳሜ ጠዋት በሚተላለፈው የቤተሰብ ፕሮግራም ላይ የልጆች መጻሕፍትንና ፊልሞችን እያነሳች ፍሬውን ከገለባው ትለያለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሲኒማ ቤት ከመግባታቸው በፊት «ወንፊት ምን አለች?» ይባባላሉ። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ፊልም ስታይ ፈገግታዋን እንኳ የምትቆጥብ ሴት ነበረች።

ይህች ሴት በዓለም ላይ ካሉት መጻሕፍት ሁሉ አንዱን ከነፍሷ ትወድ ነበር። የልጆች መጽሐፍ ነው፤ የጭጋግ ንጉሥ እናቷን ወደ ሽመላ ስለቀየረባት አንዲት ልጅ የሚተርክ። ልጅቷ በየመንገዱ ስለ ቁርጥማቷ የምታማርር ነጭናጫ እንቁራሪት አስከትላ እናቷን ፍለጋ ትወጣለች። ተረቱ ይኸው ነው። ወንፊት ግን መጽሐፉን የምትወደው በአንድ ምዕራፍ ምክንያት ነበር፤ በወንዙ ዳር ምዕራፍ። በዚያ ምዕራፍ ሽመላዋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዙ ዳር እየመጣች በአንድ እግሯ ትቆማለች። ልጅቷም የዋለችበትን ትነግራታለች፤ ከማን እንደተጣላች፣ ማን ጫማዋን እንዳሰረላት፣ ምን እንዳሳቃት። ሽመላዋ አትናገርም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፣ ሰምታ ስትጨርስ ትበራለች፣ በማግስቱ ደግሞ ትመጣለች።

መጽሐፉን ያነበበላት አባቷ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱም የሚያጽናናበት ቃል ቢያጣ ጊዜ ከገበያ ያገለገለ መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውልና ሲመሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን በምላሱ እያራሰ፣ ገጽ ይገልጥላታል። «የወንዙን ዳር ድገምልኝ» ትለዋለች። ይደግምላታል። ይህን እየሰማች ነው ያደገችው።

እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ፊልም ሆነ ሲባል ደስታዋና ፍርሃቷ እኩል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገባች። አዳራሹ በልጆች ጢም ብሏል። ጭጋጉን አሳምረው ሠርተውታል፤ ልጅቷንም መርጠው ነው ያመጧት፤ እንቁራሪቷ ብቻ ከልክ በላይ ትለፈልፋለች። ወንፊት በልቧ «ይሁን» እያለች የወንዙን ዳር ጠበቀች። አልመጣም። ይልቅ ልጅቷ ብዙ ደክማ የሽመላዎቹን መንጋ አገኘች። እናቷን በአንገቷ ላይ ባለው ነጭ ቀለበት ለየቻትና «እማ!» ብላ ተጣራች። ሽመላዋ ዞር አለች። ድንጋይ እንደሚታይ አድርጋ አየቻትና ከመንጋው ጋር ተነሥታ ሄደች። በቃ።

ከወንፊት አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ወንፊት ግን ዓይኗ ደም ለብሶ ፊልሙ ሳያልቅ ወጣች።

ቅዳሜ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። «ይህን መጽሐፍ በቃሌ ነው የማውቀው» አለች። «የወንዙን ዳር ምዕራፍ ቆርጠው ጣሉት። በምትኩ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጭካኔ ከኪሳቸው አወጡ። የመጽሐፉ እናት በየቀኑ ትመጣለች፤ የፊልሙ እናት ልጇን አታውቃትም። ወላጆች፣ ይህን ለልጆቻችሁ አታሳዩ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ አስተማሪ ነበር፤ ረጋ ያለ ሰው። «ይቅርታ፣ እኔ ይህን መጽሐፍ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ» አለ። «የወንዝ ዳር የሚባል ምዕራፍ አላየሁም። እናትየዋ ልጇን ሳታውቃት መሄዷ ግን አለ። ልጆቹም በጣም ነው የሚወዱት።»

«ምናልባት እትሙ ይለያይ ይሆናል» አለች ወንፊት።

«ሊሆን ይችላል» አለ አስተማሪው፣ ሊያሳፍራት ባለመፈለግ። ግን ከእሱ በኋላ ሌላ ደወለ፤ ከዚያም ሌላ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ወንፊት ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄደች፤ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረደችና እዚያው ቆማ አነበበችው። ሽመላዋ ዞር አለች፣ ልጇን እንደ ድንጋይ አየቻት፣ ሄደች። ቃል በቃል ፊልሙ። የወንዙ ዳር የት ገባ? ከፊት አገላበጠች፣ ከኋላ አገላበጠች፤ የለም። መጽሐፉን ለሥራ ብላ አንድ ጊዜ እንኳ መልሳ አንብባው አታውቅም። በቃል የሚታወቅ ነገር ምን ይነበባል ብላ ነበር።

በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ገባች። አባቷ አፉ በመርፌ ቁልፍ ተሞልቶ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እግር እየለካ ነበር። ፊቷን ሲያይ ደንበኛውን አሰናበተና መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አባዬ፣ ያ መጽሐፍ የት አለ?»

ሳይጠይቅ የትኛው እንደሆነ አወቀ። ከወረቀት ልኮቹ በላይ ካለው መደርደሪያ አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገላት። መጽሐፉ መሐሉ ላይ በራሱ ተከፈተ። እዚያ ጋ የተበጠሱ የጥራዝ ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ ገጾቹ የሉም፤ እናትየዋ ልጇን ሳታውቃት የምትሄድበት ክፍል አብሮ ጠፍቷል። በዚህኛው ገጽ እናትየዋ ሽመላ ሆና ትበራለች፤ በሚቀጥለው እንቁራሪቷ ስለ ቁርጥማቷ ታማርራለች።

«ስገዛው እንዲህ ነበር» አለ አባቷ። «መሐሉን ሳላይ ነው የገዛሁት። እኔ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሳላገላብጥ ገዝቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ምን ላድርግ? እናትየዋ በረረች። ገጹን ብገልጥ እንቁራሪት። አንቺ ደግሞ ዓይንሽን አፍጠሽ “ከዚያስ?” አልሽኝ። እናትሽን ከቀበርን ገና ወር አልሞላንም። ከዚያማ አላውቅም ልበልሽ?»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ? ይኸው ስንት ዘመን ሙሉ!»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ደግሞ ያንኑ አንዱን በየቀኑ ስታስደግሚኝ፣ ኋላ ኋላ እኔም መጽሐፉ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ልጁ አልሳቀችም ነበር።

ወንፊት በደንበኞች መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። ሰው የሚወደውን ነገር ከየት እንዳገኘው ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ሊኖር ይችላል። እሷ ያንን ምዕራፍ የጻፈውን ደራሲ ስታመሰግን ነው የኖረችው። በክፉ ቀኗ ያገኛት፣ ውስጧን ያወቀላት እሱ ይመስላት ነበር። ያወቀላትስ ይኸው እጁ ላይ የጠመኔ ዱቄት ያለበት፣ አጠገቧ ቆሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያስተካክል ሰው ኖሯል። ደግሞም አፈረች፤ በማያውቋት ሰዎች ሥራ ላይ ያን ሁሉ ወቀሳ ያወረደችው በአባቷ ፈጠራ ለክታቸው ነው።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ «ዝም ብለን እንለፈው» አላት። «ሰው የራሱ ጣጣ አለው፤ እስከ ቅዳሜ ይረሳዋል።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችው። በሳምንቱ ማይኩን ከፍታ ስለ እናቷም ስለ አባቷም ሳታነሳ፣ «ተሳስቻለሁ። ምዕራፉ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እኔ መጽሐፉን መልሼ ሳላነብ ነው የፈረድኩት። ፊልም ሠሪዎቹ ምንም አልቆረጡም» አለች። አንዳንዱ አከበራት። ሌላው ደግሞ «ወንፊቷ ተቀደደች!» ብሎ ቀለደባት፤ ቀልዱ ጣቢያው ውስጥም ገብቶ ከረመ። እሷም አንድ ቀን ራሷ ስትለው ተሰማችና ሰዉ ተወው።

ወራት አልፈው፣ ፊልሙ በየቤቱ እንዲታይ በዲስክ ወጣ። ረዘም ያለው ቅጂ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «በሲኒማ ቤት ያላያችሁት» የሚል በደማቁ ተጽፏል። አዘጋጁ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ወንፊት ሙሉውን መጽሐፍ እንደገና አነበበች። ከዚያ እሑድ ከሰዓት ዲስኩን ይዛ አባቷ ቤት ሄደች። ለብቻዋ ለመፍረድ ድፍረት አጥታ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሁለቱ አሮጌው ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የተጨመረው ነገር ገና ከጅምሩ ይታያል። የጭጋግ ወታደሮች ጦርነት ተለጥጦ ተለጥጦ ማለቂያ አጣ፤ አባቷ መሐሉ ላይ አንቀላፋ። እንቁራሪቷ በሲኒማ ቤት ያልነበረ ዘፈን ተሰጥቷታል፤ ወንፊት ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው፤ አባቷ ግን ነቅቶ ኖሮ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ይህ ምኑ ያስቃል?» አለችው።

«ቁርጥማቱ! የኔን ጉልበት እኮ ነው የምትዘፍነው!»

ሽመላዋ ስትመጣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ልጅቷ ተጣራች። ሽመላዋ አየቻት፣ ሄደች። በሲኒማ ቤት እዚህ ላይ ነበር የተቆረጠው። በረዥሙ ቅጂ ግን ልጅቷ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ ውሃው እስኪረጋ ትጠብቅና መልኳን ታያለች። እንቁራሪቷ እንኳ ለአንዴ ዝም ትላለች። ከዚያ ልጅቷ ተነሥታ መንገዷን ትቀጥላለች።

«ጨካኝ ያልሽው ሽመላዋ ሳታውቃት መሄዷን ነው?» አለ አባቷ።

«አዎ።»

«እኔ ብሆን አልነካውም ነበር።»

«አንተ እኮ ነህ የነካኸው!»

«የነካሁት ላንቺ ነው። የወንዙን ዳር ያልኩት አንቺን አይቼ ነው፤ ልብስ በልክ ነው። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ የምታይ ልጅ ይህን ትችለዋለች።»

«እናት የሌላት ልጅስ? እሷ ሲኒማ ቤት አትገባም?»

«ትገባለች» አለ አባቷ። «እሷን አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ይወቅላት። ፊልሙ እንዴት አድርጎ ይወቅላት?»

ወንፊት ያቺ የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ የያዘች ልጅ ትዝ አለቻት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች አላየችም፤ ተቆጥታ ወጥታለች። ማን አጠገቧ እንደነበረም አላየችም። ያን ቀን ያየችው ራሷን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ እንዲህ ብላ ፈረደች። «ጦርነቱ ረዘመ እንጂ አላደገም፤ ልጆቻችሁ ይሰለቻሉ። የእንቁራሪቷን ዘፈን እኔ አልወደድኩትም፤ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ግን እስኪያለቅሱ ስቀውበታልና ልከለክላችሁ አልችልም። ልጅቷ ፊቷን የምትታጠብበት ትዕይንት ግን ከመጀመሪያውም መቆረጥ አልነበረበትም፤ ልጅ ካዘነ በኋላ ፊቱን የሚታጠብበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ስለ እናትየዋ፣ ጨካኝ ነው ብዬ ነበር። አይደለም፤ እውነት ነው። ብቻ ልጆቻችሁን ለብቻቸው እንዲያዩት አትተዉአቸው።»

አዘጋጁ ከስቱዲዮው መስተዋት ማዶ ጣቶቹን ዘርግቶ «ከአስር ስንት?» ሲላት ራሷን ነቀነቀች። ያን ዕለት ቁጥር አልሰጠችም።

ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። «ያን መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ምዕራፍ ይንገሩን፤ ቤት ውስጥ የምነግራት ልጅ አለችኝ» አለች። ወንፊት «የኔ አይደለም፣ ባለቤቱን ላስፈቅድ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ተቀበለቻትና አባቷን ጠየቀችው።

«አይሆንም» አለ አባቷ፣ ካቀረቀረበት ጨርቅ ላይ ቀና ሳይል። «ልጅቷን ሳላያት ምን ብዬ ልንገራት? እኔ ያንን የነገርኩት ያንቺን ዓይን እያየሁ ነው። ፊትሽ ሲጨልም ሽመላዋን አመጣታለሁ፤ እንቅልፍሽ ሲመጣ አበራታለሁ።»

ወንፊት ይህንኑ ለሴትዮዋ ደውላ ነገረቻት። ከስልኩ ማዶ የልጅ ድምፅ ይሰማል።

«እንግዲያው የራሴን ልሞክር» አለችና ተሰናበተቻት።